ዝናር ለሁለተኛ ክፍል ተማሪ

የካቲት እየደረሰ ነው። ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከትምህርት ቤት የምትመጣዋን ብጣሽ ወረቀት ታውቋታላችሁ፤ «ለዓድዋ ድል በዓል ልጅዎን የአርበኛ ልብስ አልብሰው ይላኩ» የምትለዋን። ብዙ ጊዜ እጃችን የምትገባው ደግሞ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቦርሳው ሥር ተጨማድዳ ነው።

ካቻምና እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ሮጬ ገዛሁ። ነጭ እጀ ጠባብ፣ ሱሪ፣ የካርቶን ጋሻ እና «ንጹሕ ቆዳ ነው» የተባልኩት ዝናር። ልጄ ገና ከትምህርት ቤቱ በር ሳታልፍ ቀበቶው ከዘለበቱ ሥር ተቀደደ። ላዩ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ጨርቅ ነበር። መምህሯ በስቴፕለር አያይዛላት ሰልፉን በሙሉ ወገቧን በእጇ ይዛ ጨረሰች። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ አንድን ዕቃ ከሆነው በላይ አሳምሮ መናገር እንዴት እንደሚቻል አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ገዢው እኔ ነበርኩ።

አምና ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ቀደም ብላ ነገረችኝ። «አባዬ፣ እኔ እቴጌ ጣይቱን አልሆንም፤ ካባው ይሞቀኛል። ዝናር ነው የምፈልገው። የማይቀደድ።»

ይህች «የማይቀደድ» የምትል ቃል ናት ቆዳ ሥራ ውስጥ ያስገባችኝ። ከዚያ በፊት በእጄ የሰፋሁት ነገር ቢኖር የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዴ የማካፍላችሁ የባለሙያ ምክር ሳይሆን፣ ተሳስቶ የተማረ አባት ማስታወሻ ነው። ዛሬ ብትጀምሩ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ቆዳውን እንወቅ

ገበያ ላይ የምናገኘው አብዛኛው ቆዳ በክሮም ጨው የለፋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይችላል፣ በልዩ ልዩ ቀለም ይገኛል። ቆርጣችሁ ጠርዙን ስታዩት መሐሉ ብዙ ጊዜ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ያደላል። ሁለተኛው ዓይነት ከዛፍ ልጣጭና ከመሳሰሉት ዕፅዋት በሚገኝ ታኒን የለፋው ነው። ይኼኛው ደረቅ ይላል፤ መሐሉ ቡናማ ነው፣ እርጥብ ሳለ የሰጣችሁትን ቅርጽ ይይዛል፣ ጠርዙም ሲታሽ ያብረቀርቃል። ለቀበቶ ሁለተኛው ይመረጣል። ካጣችሁት ግን ጠንከር ያለ የክሮም ቆዳም ለልጅ ዝናር ከበቂ በላይ ነው።

ውፍረቱ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው። ለቀበቶ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የከብት ቆዳ ምረጡ። ለከረጢቱ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሻላል፤ ከዚያ ከወፈረ አልታጠፍ ይላል። የበግ ቆዳ ቀበቶ አይሆንም። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለግ ነው፤ ነገር ግን ሲስቡት ይለጠጣል። ለከረጢት ገበር ግን ግሩም ነው።

ከአንድ ቆዳ ውስጥም ቦታ ቦታ አለ። ከጀርባው፣ ማለትም ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ጠንካራና እኩል ነው። የሆዱ ክፍል ይለጠጣል። ቀበቶ የሚቆረጠው ከጀርባው፣ በአከርካሪው አቅጣጫ ርዝመቱን ተከትሎ ነው። ሻጩ የሆዱን ቁራጭ «ያው ነው» ብሎ ቢሰጣችሁ ያው አይደለም። በሁለት እጃችሁ ያዙና ሳቡት፤ ከተለጠጠ መልሱለት።

እንደ እኔ እንዳትታለሉም ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። የእውነተኛ ቆዳ ጀርባ እንደ ብርድ ልብስ ጭረት ጭረት ያለው ሥጋማ ገጽ ነው፤ የተሸመነ ጨርቅ ካያችሁ ቆዳ አይደለም።

መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ ለጫማ ሠሪዎች ቆዳ፣ ክር፣ ማስቲሽና ዘለበት የሚያቀርቡ ሱቆች አሉ። ሙሉ ቆዳ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ቁርጥራጭ ጠይቁ። ቦርሳና ጫማ የሚሠሩ ሰፈራችሁ ካሉም ትራፊያቸው ለእኛ ሥራ ይበቃል።

ምን ምን ያስፈልጋል?

የብረት ማስመሪያ፣ ስለታም መቁረጫ፣ ወስፌ፣ ጫፋቸው የደነዘዘ ሁለት ወፍራም መርፌዎች፣ የጫማ ሰፊ ክር፣ ሰም፣ መዶሻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዘለበት። ከሥር የሚነጠፍ ያረጀ የእንጨት መክተፊያም ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም፣ ስለዚህ የቤቱን ባለቤት አስፈቅዱ። የስፌት ርቀት ምልክት ማድረጊያ ልዩ መሣሪያ አለ፤ እኔ ግን የተጠቀምኩት በሹካ ነው። ሹካውን በመስመሩ ላይ ጫን ስታደርጉት ጥርሶቹ እኩል የተራራቁ ነጥቦችን ይተዋሉ። የመጨረሻውን ጥርስ በመጨረሻው ነጥብ ላይ እያሳረፋችሁ መቀጠል ነው።

ስለ ወጪው እውነቱን ልንገራችሁ። ሁሉን ደምሬ ሳየው የመጀመሪያው ቀበቶ ከገበያው በለጠብኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ የተማርኩት ነገር ቤቴ ገብቶ አየሁት፤ ወስፌና መዶሻ አንዴ ይገዛሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያልቀው ቆዳና ክር ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ወይም ከልጃችሁ ጓደኛ ወላጆች ጋር ተጣምራችሁ ግዙ። ሦስት ቀበቶ ከተሠራበት ትርፉ ይታያል።

ቀበቶው

ልኩን በልብሱ ላይ ውሰዱ እንጂ በቆዳዋ ላይ አይደለም፤ የአርበኛ ልብስ ሰፊ ነው። የልጄ ወገብ ከነልብሱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዚህ ላይ ለዘለበቱ መታጠፊያ 7፣ ለጫፉ ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ጨመርኩና 85 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩ። ወርዱ 3.5 ሴንቲ ሜትር፤ ዘለበቱም በዚያው ልክ ይገዛል። ዘለበቱን አስቀድማችሁ ግዙ፣ ቆዳውን በእሱ ልክ ትቆርጣላችሁ። እኔ ተገላቢጦሹን አድርጌ ሁለት ጊዜ መርካቶ ተመላልሻለሁ።

ስትቆርጡ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትሞክሩ። ማስመሪያውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብላችሁ አመላልሱ። ማስመሪያውን የያዘው እጃችሁ ከመቁረጫው መንገድ ውጪ ይሁን። ይህን ሥራ ልጅ አይሠራውም።

ከአንዱ ጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ መታጠፊያውን ምልክት አድርጉ። የዘለበቱ ምላስ የሚያልፍበት ሞላላ ቀዳዳ መሐሉ በዚህ ምልክት ላይ ይሁን፤ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ግራና ቀኝ አንዳንድ ክብ ቀዳዳ በስታችሁ መሐሉን ብትቆርጡት ንጹሕ ይሆናል፣ ጫፉም አይቀደድም። ከዚያ ዘለበቱን አስገብታችሁ አጥፉና ስፉት።

ከመታጠፊያው 60 ሴንቲ ሜትር ላይ የመሐሉ ቀዳዳ ይሆናል። ከእሱ ግራና ቀኝ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ሁለት ጨምሩ፤ በጠቅላላው አምስት። ልጆች ያድጋሉ፣ ጫፉ ላይ የተረፈው ቆዳ ለመጪዎቹ ዓመታት ቀዳዳ ነው።

ለጥይቱ ማቀፊያ ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ የቆዳ ጠፍር ያስፈልጋል። እኛ ጥይት ያደረግነው ከአሮጌ ብሩሽ እጀታ የተቆራረጠ እንጨት ነው፤ ልጄ ወርቃማ ቀለም ቀባችው። ጠፍሩን በቀበቶው ላይ አንድ ጫፉን ስፉ፤ እንጨቱን ከሥሩ አስገቡ፤ ጠፍሩን በእንጨቱ ላይ አሳልፋችሁ ከወዲያ ማዶ እንደገና ስፉ። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን። አስቀድሞ በስሌት ከመቁረጥ እንጨቱን ራሱን መለኪያ ማድረግ ይቀላል። አሥር ያህል ይበቃል።

ስፌቱ

የቆዳ ስፌት ዋና ምስጢር ሁለት መርፌ ነው። በአንድ ክር ሁለት ጫፎች ላይ አንዳንድ መርፌ ይገባል። የመጀመሪያውን ቀዳዳ አሳልፋችሁ ክሩን እኩል አካፍሉት። ከዚያ በየቀዳዳው አንዱ መርፌ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይገባና ሁለቱም እኩል ይሳባሉ። የስፌት መኪና ክር አንድ ቦታ ሲበጠስ መስመሩ ሊተረተር ይችላል። በሁለት መርፌ የተሰፋው ግን አንዱ ክር ቢበጠስም ሌላው ይይዘዋል። ልጄ የጠየቀችኝ «የማይቀደድ» ይኸው ነው።

ክሩን ከሚሰፋው መስመር አራት እጥፍ ቁረጡ። 12 ሴንቲ ሜትር ለመስፋት 48 ሴንቲ ሜትር ይፈጃል፤ ለእጃችሁ መያዣ ጨምራችሁ 60 አድርጉት። ሰም ካልነካ ክሩን በሰም ሁለት ሦስት ጊዜ እሹት፤ ከንብ ሰም የተሠራ ጧፍ ካላችሁ ይሆናል። የስፌቱ መስመር ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ይግባ። ስትጨርሱ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ስፉና ቁረጡ።

ልጆች የሚሳተፉበት እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው አስቀድሞ ከተበሳና መርፌው ደነዝ ከሆነ የሰባት ዓመት ልጅ በደንብ ትሰፋለች። ማስቲሽ ከተጠቀማችሁ ግን መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታቅርቡ፣ ልጆችንም አርቁ፤ ሽታው ለራስም ለሳንባም አይበጅም።

ከረጢቱ

ከአንድ ቁራጭ ይሠራል። ወርዱ 14፣ ርዝመቱ 34 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ቆዳ ቁረጡ። 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ስታጥፉት ፊቱ ይሆናል፤ 13ቱ ጀርባው፤ የቀረው 9 ወደ ፊት የሚወርድ ክዳን። ግራና ቀኝ ጎኑን መስፋት ነው። ለመዝጊያ አንድ የቀንድ ወይም የእንጨት ቁልፍና ቀጭን ጠፍር ያምርበታል።

በጀርባው ላይ ቀበቶው የሚያልፍበት ማንጠልጠያ ይሰፋል፤ 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍር፣ ላይና ታቹ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ሲሰፋ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል። ይህን የምትሰፉት ጎኖቹን ከመዝጋታችሁ በፊት ነው። እኔ ሁለቱንም ጎን አሳምሬ ጨርሼ፣ ቡና እየጠጣሁ ሳደንቀው ነው ማንጠልጠያው ትዝ ያለኝ። አንድ ሙሉ ጎን ፈታሁት።

የሰፈሩ ጫማ ሰፊ

ቀበቶው ላይ ቀዳዳ መብሻ አልነበረኝም፤ በሚስማር ሞክሬ አንዱን አበላሸሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ወደሚቀመጡት ጫማ ሰፊ ሄድኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በፊታቸው አልፌያለሁ። ስማቸውን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሆኗል። ሐሙስ ማታ ቆዳውን ሳሎን ዘርግቼ ሳለ አማቴ መጥተው ነበር። ትንሽ አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ በዲግሪህ ፋቂ ልትሆን ነው?» አሉኝ። እየቀለዱ ነው፤ እኔም ሳቅሁ። ልጄ ከጎኔ እንጨቶቹን ቀለም እየቀባች ነበር።

ሰውዬው ቀበቶውን አገላብጠው አዩት፤ የት እንደተሳሳትኩ ሳልነግራቸው አወቁት። መብሻቸውን አውጥተው አምስቱን ቀዳዳ በአምስት ምት ጨረሱ። ከዚያ ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው ክር እንዴት በሰም እንደሚታሽ ያሳይዋት ጀመር። እሷም ትንሽ አየቻቸውና በግልጽ ድምፅ ጠየቀች፦

«ጋሼ፣ ፋቂ ነዎት እንዴ?»

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው እጃቸው ከክሩ ላይ አልተነሳም።

«አባቴ ነበሩ፤ እኔ ሰፊ ነኝ» አሏት። ቀጥለውም፣ «ማን ነገረሽ?»

«አያቴ።»

«አያትሽ አገልግል አላቸው?»

«አዎ። ትልቅ።»

«ቆዳውን የለበጠው ማን ይመስልሻል?»

አሰበችና፣ «ፋቂ?» አለች። «እሱ ነዋ» ብለው መርፌውን ሰጧት።

«ይቅርታ ጋሼ» አልኳቸው። «ልጅ የሰማችውን ነው የምትናገረው» አሉኝ። የተናገሩት እሷን ነጻ ለማድረግ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ሲነገር እኔ ስቄያለሁ፤ ሳቄንም አብራ ሰምታለች።

ማታ ለልጄ ማስረዳት ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? እኔ ያልኳት ይህን ነው፦ ፋቂ ማለት ቆዳን ፍቆና አልፍቶ ለሥራ የሚያበቃ ባለሙያ ማለት ነው፤ ድሮ ግን ሰዎች ሥራውን እየተጠቀሙበት ሠራተኛውን ይንቁ ነበር፣ ስሙንም ስድብ አደረጉት። ስለዚህ ሥራውን እናከብራለን፣ ሰውን ግን በእሱ አንጠራም።

ከዚያ ስለ ዓድዋ አወራን። በ1888 ወደ ሰሜን የዘመተው ሠራዊት ስንቁን የያዘው በአቁማዳና በስልቻ ነው፤ ቆዳ። ጋሻው የጎሽና የጉማሬ ቆዳ። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ዝናሩ፣ የነጋሪቱ ፊት ሁሉ ቆዳ። በየዓመቱ የካቲት 23 ልጆቻችንን የምናለብሳቸው የጀግኖቹን ልብስ ነው፤ ያን ሁሉ ቆዳ ያለፉትንና የሰፉትን ግን በአንድም ሰልፍ አናስታውሳቸውም። ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት ራሳቸው ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቃሉ ግን እኔ ሳሎን ድረስ ደርሷል።

ለአማቴ ልጅቷ ምን እንደጠየቀችና ምን እንደተመለሰላት ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም። ቃሉን ግን ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልሰማሁትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአገልግሉ ማንጠልጠያ ተበጠሰና፣ «እስቲ ለእኚያ ሰውዬ አሳያቸው» ብለው ላኩት።

ዘንድሮ

ዝናሩ አልተቀደደም። ሰልፉ ካለቀ በኋላም ልጄ አላወልቅም ብላ ታጥቃው ተኝታለች። ከረጢቱ ውስጥ ቆሎ ይዛ ነበር፤ ግማሹ አልጋ ላይ ተገኘ። ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ጠመም ይላል፤ ጠማማዎቹ የእኔ ናቸው፣ የእሷ ቀጥ ያለ ነው።

ዘንድሮ ለታናሽ ወንድሟ እሠራለሁ ብላ ተነስታለች። ቀበቶዋን ወደ አራተኛው ቀዳዳ አሳልፈናል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ወደ ጃንጥላው እንሄዳለን፤ አሁን ስማቸውን እናውቃለን።

እናንተም ከጀመራችሁ ዘለበቱን ከቆዳው በፊት ግዙ። ክሩን አራት እጥፍ ለኩ። የከረጢቱን ማንጠልጠያ ጎኖቹን ከመዝጋታችሁ በፊት ስፉ። መብሻ ካጣችሁ በሚስማር አትታገሉ፤ በየሰፈራችን መታጠፊያ ላይ የሚያውቅ ሰው ተቀምጧል። ስትሄዱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቤት ውስጥ ምን ምን ቃል እንደሰሙ አስታውሱ።